ከቦታው ስፋት ይልቅ የተፈቀደውን ወለል ማስላት

ከውጭ አገር ጨርቅ የሚያስመጣ ነጋዴ የጥቅሉን ብዛት አይቶ ብቻ አይዋዋልም፤ በየጥቅሉ ውስጥ ስንት ሜትር እንዳለና ወርዱ ምን ያህል እንደ ሆነ ጠይቆ፣ የአንዱን ሜትር ዋጋ አውጥቶ ነው የሚወስነው። ቡና የሚልክ ነጋዴም የጆንያውን ቁጥር ሳይሆን ተለቅሞና ተበጥሮ የሚቀረውን ንጹሕ ቡና ይገምታል። ይኸው ጥንቁቅ ነጋዴ ግን መደብርና ቢሮ ለማሠራት ቦታ በሚፈልግበት ጊዜ ይህን መልካም ልማዱን ትቶ፣ የመሬቱን ካሬ ሜትር ብቻ ጠይቆ ዋጋ ሲቆርጥ ብዙ ጊዜ ይታያል።

ለሕንፃ የሚፈለግ ቦታ ጥቅሙ በመሬቱ ስፋት ብቻ የሚለካ አይደለም። ኪራይ የሚያስገኘው ወለሉ ነው፤ ወለሉም የሚሠራው ባለይዞታው በወደደው መጠን ሳይሆን የከተማው ፕላን በፈቀደው መጠን ነው። ስለዚህ ሁለት ቦታዎች በስፋት እኩል ሆነው ሳለ፣ አንደኛው የሌላውን እጥፍ ወለል ሊያሠራ ይችላል። ይህን ልዩነት ውል ከመፈረም በፊት መገመት የመሐንዲስ ብቻ ሥራ አይደለም። ማናቸውም ነጋዴ በእርሳስና በወረቀት ሊያከናውነው የሚችል ሂሳብ ነው።

የደንቡ መነሻ

ለአንድ ቦታ የሚፈቀደውን ወለል በደንብ የመወሰን ነገር እንዴት እንደ መጣ ለመረዳት የኒው ዮርክን ከተማ ታሪክ መመልከት ይጠቅማል። እ.ኤ.አ. በ1915 በዚያች ከተማ በብሮድዌይ ጎዳና ላይ የኤኩዊተብል ሕንፃ ተሠርቶ አለቀ። ሕንፃው ከመንገዱ ጠርዝ ጀምሮ ወደ ኋላ ሳይሸሽ ቀጥ ብሎ የወጣ ሲሆን፣ የወለሉ ድምር ከ100,000 ካሬ ሜትር በላይ፣ ይኸውም የቆመበትን ቦታ ስፋት ከ20 ጊዜ በላይ የሚያጥፍ ነበር። ጥላው በጎረቤት ሕንፃዎችና በመንገዱ ላይ ስለ ወደቀ፣ ብርሃንና አየር ያጡት የአካባቢው ባለንብረቶች አቤቱታቸውን አበዙ። ቀድሞም ሲመከርበት የነበረው ደንብ በሚቀጥለው ዓመት፣ እ.ኤ.አ. በ1916 ታወጀ።

ያ ደንብ የወለሉን ድምር በቀጥታ አልወሰነም። ሕንፃው ከተወሰነ ከፍታ በላይ ሲወጣ ወደ ኋላ ደረጃ እየሠራ እንዲሸሽ አዘዘ፤ የቦታውን አንድ አራተኛ ብቻ በሚይዝ ግንብ ላይ ግን የከፍታ ወሰን አላደረገበትም። ወለሉ ራሱ በቁጥር የተወሰነው እ.ኤ.አ. በ1961 በሥራ ላይ በዋለው አዲስ ደንብ ነው። በዚህ ደንብ መሠረት እጅግ በተጨናነቁት የንግድ ክፍሎች የሚፈቀደው ወለል የቦታው ስፋት 15 እጥፍ ሆነ፤ ባለቤቱ በሕንፃው ፊት ለሕዝብ የሚሆን አደባባይ ከተወ ደግሞ እስከ 18 እጥፍ እንዲደርስ ተፈቀደለት። ይህን የመሰለው እጥፍ በከተማ ፕላን ሥራ ውስጥ ኤፍ.ኤ.አር. ተብሎ የሚጠራው ነው።

በኢትዮጵያም ጉዳዩ ለነጋዴው እንግዳ አይደለም። የከተማ ቦታ ከ1967 ዓ.ም. አዋጅ ወዲህ የመንግሥት ሆኖ፣ በ1986 ዓ.ም. የሊዝ ሥርዓት ከተጀመረ በኋላ ነጋዴው በጨረታ የሚያቀርበው ዋጋ በመሬቱ ካሬ ሜትር የሚቆጠር ነው። ዋጋው በመሬት ሲቆጠር ገቢው ግን በወለል ስለሚቆጠር፣ ስሕተቱ የሚገባው በእነዚህ በሁለቱ መካከል ነው።

አራቱ ወሰኖች

በአንድ ቦታ ላይ ምን ያህል ወለል ሊሠራ እንደሚችል የሚወስኑት በተለይ አራት ነገሮች ናቸው።

አንደኛው የመሬት ሽፋን ነው። ሕንፃው በመሬት ላይ የሚይዘው ስፋት ከጠቅላላው ቦታ ስንት እጅ እንደ ሆነ ያመለክታል። በማዘጋጃ ቤትና በመሐንዲሶች ዘንድ ቢ.ኤ.አር. ይባላል። ቁጥሩ 0.6 ከሆነ ከመቶ 60ው ይሠራበታል፤ ከመቶ 40ው ክፍት ሆኖ ይቀራል ማለት ነው።

ሁለተኛው ከላይ የተጠቀሰው ኤፍ.ኤ.አር. ነው። የሁሉም ደረጃ ወለሎች ተደምረው የቦታውን ስፋት ስንት ጊዜ ሊያጥፉ እንደሚችሉ ይናገራል። ቁጥሩ 3 ከሆነ በ500 ካሬ ሜትር ቦታ ላይ ከ1,500 ካሬ ሜትር የማይበልጥ ወለል ይፈቀዳል።

ሦስተኛው ከወሰን መራቅ ነው። ሕንፃው ከመንገድና ከጎረቤት አጥር ስንት ሜትር መሸሽ እንዳለበት ይደነግጋል። ጠባብ ቦታ ላይ ከሁሉ ይልቅ የሚጎዳው ይህ ነው፤ ከግራና ከቀኝ ሁለት ሁለት ሜትር መተው ለ30 ሜትር ወርድ ቀላል ሲሆን፣ ለ10 ሜትር ወርድ ግን ከወርዱ ከመቶ 40ውን ይወስዳልና።

አራተኛው ከፍታ ነው። ይህም አንዳንድ ጊዜ በሜትር፣ አንዳንድ ጊዜ በደረጃ ብዛት ይነገራል። በአውሮፕላን ማረፊያ አቅራቢያ ያለ ቦታ ከከተማው ፕላን በተጨማሪ ለበረራ ደኅንነት ሲባል የሚደረግ የከፍታ ገደብ አለበት። በሌላ በኩል አንዳንድ ፕላኖች በዋና መንገድ ዳር ዝቅተኛ ከፍታም ስለሚወስኑ፣ ትንሽ ሱቅ ብቻ ለመሥራት ያሰበ ሰው ከአቅሙ በላይ የሆነ ሕንፃ ሊጠየቅ ይችላል።

ከእነዚህ ከአራቱ አንዱን ብቻ አይቶ መወሰን ትልቅ ስሕተት ነው። በተከታታይ አራት በሮች የሚያልፍ ዕቃ መጠኑ የሚወሰነው በጠባቡ በር እንደ ሆነ ሁሉ፣ የሚፈቀደውም ወለል አነስተኛውን ውጤት በሚሰጠው ወሰን የሚገዛ ነው።

ስለ ፎቅ አቆጣጠር

ወደ ሂሳቡ ከመግባት በፊት አንድ ነገር መለየት ያሻል። በአማርኛ «ባለ 4 ፎቅ» ሲባል ብዙ ጊዜ የሚቆጠረው ከምድሩ በላይ ያለው ነው፤ በግንባታ ሥራ ጂ ፕላስ 4 የሚባለውም ይኸው ነው። ስለዚህ ምድሩ ሲጨመር ወለሎቹ 5 ይሆናሉ። በኒው ዮርክ ግን ምድሩ ራሱ አንደኛ ተብሎ ስለሚቆጠር ባለ 4 የተባለው ሕንፃ 4 ወለል ብቻ ይኖረዋል። በውጭ አገር ተቀምጦ በደብዳቤ ወይም በስልክ የሚዋዋል ወገን በዚህ ልዩነት አንድ ሙሉ ወለል ሊያጣ ወይም ያለ አግባብ ሊጠብቅ ይችላልና፣ በውሉ ላይ «ምድሩን ጨምሮ 5 ወለል» ብሎ መጻፍ ይበጃል።

የመጀመሪያው ቦታ ሂሳብ

አንድ የጨርቃ ጨርቅ አስመጪ ከታች መደብር፣ ከላይ ደግሞ የሚከራይ ቢሮ ያለው ሕንፃ ለማሠራት አስቦ ሁለት ቦታዎች ቀረቡለት እንበል። የሚከተሉት ቁጥሮች ስለ ምሳሌ የተወሰዱ ናቸው እንጂ የአንድ ከተማ ደንብ ወይም የገበያ ዋጋ አይደሉም።

የመጀመሪያው ቦታ ፊቱ 20 ሜትር፣ ጥልቀቱ 30 ሜትር፣ ስፋቱም 600 ካሬ ሜትር ነው። ዋጋው በካሬ ሜትር 20,000 ብር፣ በጠቅላላው 12,000,000 ብር ነው። ደላላው «ኤፍ.ኤ.አር. 3 ነው፤ ስለዚህ 1,800 ካሬ ሜትር ይወጣዋል» ይላል። በዚህ አነጋገር ለአንድ ካሬ ሜትር ወለል የሚደርሰው የቦታ ዋጋ 6,667 ብር ያህል ነው።

ነጋዴው ግን ፕላኑን ሲያስመረምር መንገዱ ወደፊት የሚሰፋ ሆኖ፣ የመንገዱ መስመር ከቦታው ፊት 3 ሜትር እንደሚወስድ አገኘ። ሃያ ሜትር በ3 ሜትር ሲባዛ 60 ካሬ ሜትር ስለሆነ፣ ለሕንፃ የሚቀረው 540 ካሬ ሜትር ነው። ተመኑ ከመንገዱ መስመር በኋላ በሚቀረው ስፋት የሚታሰብ ከሆነ፣ 3 እጥፉ 1,620 ካሬ ሜትር ይሆናል።

የመሬት ሽፋኑ ከመቶ 60 ቢሆን በመሬት ላይ የሚያዘው 324 ካሬ ሜትር ነው። ከግራና ከቀኝ 2፣ ከኋላ 3 ሜትር መራቅ ቢያስፈልግ፣ ወርዱ 16፣ ጥልቀቱ 24 ሜትር ሆኖ 384 ካሬ ሜትር ይቀራል። ይህ ከ324 ስለሚበልጥ ከወሰን መራቁ በዚህ ቦታ ላይ አያጠብም፤ የሚገዛው ሽፋኑ ነው። እንግዲህ 1,620 ለ324 ሲካፈል 5 ወለል ይወጣል።

የቀረው ከፍታው ነው። ወሰኑ 15 ሜትር ነው እንበል። ለመደብር የሚሆነው ምድር 4.20 ሜትር፣ ከላዩ ያለው እያንዳንዱ ወለል 3.20 ሜትር ቢይዝ፣ ምድሩና በላዩ ያሉት 3 ወለሎች 13.80 ሜትር ይሆናሉ። አንድ ቢጨመር 17 ሜትር ስለሚደርስ ከወሰኑ ያልፋል። ስለሆነም የሚሠራው ምድሩን ጨምሮ 4 ወለል ብቻ፣ ድምሩም 1,296 ካሬ ሜትር ነው። ደላላው ከተናገረው ላይ 504 ካሬ ሜትር ጎድሏል፤ ተመኑ የፈቀደውን ከፍታው ከልክሎታልና።

ይህም ቢሆን ሁሉ የሚከራይ አይደለም። ግድግዳው፣ ደረጃው፣ መተላለፊያውና መጸዳጃ ቤቱ የየራሳቸውን ድርሻ ይወስዳሉ። ለዚህ ከመቶ 20 ቢቀነስ የሚከራየው 1,037 ካሬ ሜትር ያህል ነው። አስራ ሁለቱ ሚሊዮን ብር ለዚህ ሲካፈል አንዱ የሚከራይ ካሬ ሜትር 11,574 ብር ያህል የቦታ ዋጋ ተሸክሟል ማለት ነው። ከተነገረው ከ6,667 ብር ጋር ሲነጻጸር ልዩነቱ እጥፍ ሊሞላ የቀረበ ነው።

የሁለተኛው ቦታ ሂሳብ

ሁለተኛው ቦታ ፊቱ 16፣ ጥልቀቱ 25፣ ስፋቱ 400 ካሬ ሜትር ሆኖ በሰፊ ጎዳና ላይ ይገኛል። ዋጋው በካሬ ሜትር 25,000 ብር ስለሆነ ነጋዴው በመጀመሪያ ሲሰማው ውድ መስሎት ትቶት ነበር። የመንገዱ መስመር አስቀድሞ የተከበረ በመሆኑ ከቦታው የሚወሰድ የለም። ሽፋኑ እንደ መጀመሪያው ከመቶ 60፣ ኤፍ.ኤ.አር. 4፣ የከፍታውም ወሰን 30 ሜትር ነው እንበል።

ሽፋኑ 240 ካሬ ሜትር ይሰጣል። ከወሰን የሚራቀው እንደ ቀድሞው ቢታሰብ ወርዱ 12፣ ጥልቀቱ 22 ሜትር ሆኖ 264 ካሬ ሜትር ስለሚቀር አሁንም የሚገዛው ሽፋኑ ነው። የወለሉ ድምር 1,600 ካሬ ሜትር ሲሆን፣ ይህ ለ240 ሲካፈል 6 ሙሉ ወለልና 160 ካሬ ሜትር ያለው ሰባተኛ ወለል ይወጣዋል። ከፍታው በቀድሞው ልክ 23.40 ሜትር ስለሚሆን ከ30 አያልፍም። ስለዚህ የተፈቀደው 1,600 ካሬ ሜትር በሙሉ ሊሠራ ይችላል።

ከመቶ 20 ተቀንሶ የሚከራየው 1,280 ካሬ ሜትር ነው። አስሩ ሚሊዮን ብር ለዚህ ሲካፈል 7,812 ብር ከ50 ሳንቲም ይሆናል። ሕንፃው ረዘም ስላለ አሳንሰርና ሰፋ ያለ ደረጃ ፈልጎ ከመቶ 25 ቢቀነስ እንኳ የሚከራየው 1,200 ካሬ ሜትር፣ የቦታው ድርሻም 8,333 ብር ያህል ነው። እንዲህም ሆኖ በመሬት ሲቆጠር ውድ የነበረው ቦታ በወለል ሲቆጠር ርካሹ ሆኖ ተገኘ።

ሆኖም ሂሳቡ ፍርድን አይተካም። ለአንድ ባለመደብር ከመንገዱ ጋር ትይዩ የሆነው ምድር ከላይኞቹ ወለሎች ይልቅ የተሻለ ኪራይ ያወጣል፤ ምድሩ ደግሞ በመጀመሪያው ቦታ 324፣ በሁለተኛው 240 ካሬ ሜትር ነው። የሚፈልገው መደብር ብቻ ለሆነ ሰው የመጀመሪያው ሊሻለው ይችላል። ረጅሙም ሕንፃ ጠንካራ መሠረትና ብዙ ብረት ስለሚጠይቅ የግንባታው ወጪ አብሮ መታሰብ አለበት።

ከመሬት በታች ስላለው ወለልና ስለ መኪና ማቆሚያ

አስመጪዎች ዕቃ ለማስቀመጥ ብዙ ጊዜ የሚመኩት ከመሬት በታች ባለው ክፍል ነው። ይህ ወለል በኤፍ.ኤ.አር. ውስጥ ይቆጠራል ወይስ አይቆጠርም የሚለው ጥያቄ በየከተማው የተለያየ መልስ አለው። በኒው ዮርክ ከቁመቱ ከግማሽ በላይ ከመንገዱ ደረጃ በታች የሆነ ክፍል አይቆጠርም፤ ግማሹ ወይም ከዚያ በላይ ከመንገዱ ደረጃ ከፍ ካለ ግን ይቆጠራል። በሌሎችም ከተሞች ለመኪና ማቆሚያ የሆነው ነጻ ሲሆን፣ ለመደብር ወይም ለመጋዘን የዋለው የሚቆጠርበት ደንብ አለ። ስለዚህ መልሱን አስቀድሞ በጽሑፍ ማግኘት ያስፈልጋል።

የመኪና ማቆሚያም ነገር ችላ የሚባል አይደለም። አንድ መኪና ከመግቢያና ከመዞሪያው ጋር ከ25 እስከ 30 ካሬ ሜትር ያህል ይፈልጋል። ፕላኑ 10 መኪና የሚያቆም ቦታ ቢጠይቅ ከ250 እስከ 300 ካሬ ሜትር ስለሚይዝ፣ ከላይ ከተመለከተው ከመጀመሪያው ሕንፃ አንድ ወለል ሊወስድ የቀረበ ነው።

ቁጥሩ የሚገኝበት ስፍራ

ይህ ሁሉ ሂሳብ የሚረባው መነሻ ቁጥሮቹ እውነተኛ ሲሆኑ ነው። ቁጥሮቹን ከደላላ፣ ከጎረቤት ወይም በአቅራቢያው ከቆመ ሕንፃ መውሰድ አይገባም። ጎረቤቱ የተሠራው በቀድሞ ፕላን ሊሆን ይችላልና፣ ለእርሱ የተፈቀደው ለአዲሱ ሠሪ ላይፈቀድ ይችላል።

በ2000 ዓ.ም. የወጣው የከተማ ፕላን አዋጅ ቁጥር 574 ከተማውን በሙሉ የሚመለከተውን መዋቅራዊ ፕላንና አንድን ሰፈር በዝርዝር የሚመለከተውን የአካባቢ ልማት ፕላን ለይቶ አስቀምጧል። በመዋቅራዊ ፕላኑ ለንግድ የተመደበ ሰፈር መሆኑን ማየት መጀመሪያ ነው እንጂ መጨረሻ አይደለም፤ ለአካባቢው ዝርዝር ፕላን ተሠርቶለት እንደ ሆነ የቦታው ቁጥሮች በዚያ ይመረመራሉ። በ2001 ዓ.ም. የወጣው የሕንፃ አዋጅ ቁጥር 624 ደግሞ ከግንባታ ፈቃድ በፊት የፕላን ስምምነት የሚጠየቅበትን ሥርዓት አስገብቷል። የዚህ ሥርዓት ጥቅሙ ለነጋዴው ግልጽ ነው፤ ለንድፍ ብዙ ገንዘብ ከመውጣቱ አስቀድሞ ፕላኑ በቦታው ላይ ምን እንደሚፈቅድ ከሹም መሥሪያ ቤት በጽሑፍ ይታወቃልና።

ቁጥሮች ደግሞ ለዘላለም አይቆሙም። በኒው ዮርክ ከተማ ለመኖሪያ ሕንፃ የሚፈቀደው ወለል ከቦታው 12 እጥፍ እንዳይበልጥ እ.ኤ.አ. በ1961 የወጣ የክፍለ ግዛቱ ሕግ ከ60 ዓመት በላይ ጸንቶ ከቆየ በኋላ፣ እ.ኤ.አ. በ2024 ከተማይቱ ከዚያ በላይ ልትፈቅድ እንድትችል ተሻሽሏል። ያን ያህል የቆየ ቁጥር ከተለወጠ፣ ከጥቂት ዓመታት በፊት በተገኘ ወረቀት ተማምኖ ሚሊዮን ብር ማፍሰስ ብልህነት አይሆንም።

በአጭሩ የሥራው ቅደም ተከተል ይህ ነው። ቦታውን በይዞታ ማረጋገጫው ላይ እንደ ተጻፈው ብቻ ሳይሆን በመሬት ላይ አስለክቶ ማረጋገጥ፤ የመንገዱን መስመር ቀንሶ የሚቀረውን መያዝ፤ ሽፋኑን፣ የወለሉን እጥፍ፣ ከወሰን የሚራቀውንና ከፍታውን እያንዳንዳቸውን አስልቶ ትንሹን ውጤት መውሰድ፤ ከዚያ ላይ የማይከራየውንና የመኪና ማቆሚያውን መቀነስ፤ በመጨረሻም የቦታውን ጠቅላላ ዋጋ ለቀረው ወለል ማካፈል። ይህ ሂሳብ ከአንድ ሰዓት በላይ አይፈጅም። የመሐንዲሱን ጥናት ባይተካም ነጋዴው መሐንዲሱን ምን ብሎ እንደሚጠይቅ ያሳውቀዋል፤ ዋጋ ሲጠራለትም የትኛው ቦታ በእርግጥ ውድ፣ የትኛውም በእርግጥ ርካሽ እንደ ሆነ ከመፈረሙ በፊት ያሳየዋል።